ሁለት መስመር እያለ «ኔትወርክ የለም» እንዳይባል

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መካከለኛ ቢሮ ከኢትዮ ቴሌኮም የፋይበር መስመር፣ ከሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ ሲም ካርድ የሚገባበት የ4ጂ ራውተር ይዞ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ፋይበሩ በተቋረጠ ሰዓት የሚታየው ግን ያው የተለመደው ነው፤ አንዱ ኬብል እየነቀለ ይሰካል፣ ሌላው ላፕቶፑን ከሁለተኛው ራውተር ዋይፋይ ጋር ያገናኛል፣ ገንዘብ ያዧ ደግሞ «ሲስተም የለም» ብላ ደንበኛውን ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። ሁለተኛው መስመር በየወሩ እየተከፈለበት ቁጭ ብሏል። ፋየርዎሉ የመጀመሪያው መስመር መሞቱን በራሱ እንዲያውቅ፣ በሁለተኛው ደግሞ ማን ማለፍ እንዳለበት እንዲለይ አድርጎ ያስተካከለው ሰው የለም።

ይህ መመሪያ ያንን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳያል። ለምሳሌ የያዝኩት ፒኤፍሴንስ የሚባለውን የፋየርዎል ሶፍትዌር ነው፤ ነፃ እትም ስላለውና በተራ ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫን ለመሞከርም ለመሥራትም ይመቻል። በሚክሮቲክ ወይም በፎርቲጌት የሚሠሩ ከሆነ የሜኑዎቹ ስም ይለያይ እንጂ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። የምናስበው ቢሮ 25 ያህል ሠራተኞች፣ ጥቂት የአይፒ ስልኮች፣ የካሜራ መቅጃ፣ የሂሳብ ሰርቨርና የእንግዳ ዋይፋይ ያለው ነው። ዋናው መስመር ፋይበር፣ ተጠባባቂው የሲም ራውተር ነው እንበል።

ደረጃ 1፦ እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት

ሦስት የኔትወርክ ፖርት ያለው ፋየርዎል ያስፈልግዎታል፤ አንዱ ለፋይበሩ፣ አንዱ ለሲም ራውተሩ፣ አንዱ ለውስጥ ኔትወርኩ። ያለው ሁለት ፖርት ብቻ ከሆነ ቪላን በሚችል ስዊች አንዱን ፖርት ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን አንድ የኔትወርክ ካርድ ገዝቶ መጨመር ከራስ ምታት ያድናል።

የሲም ራውተሩን ከብረት ካቢኔው ውስጥ ያውጡት። ብረቱ ሲግናሉን ይጋርደዋል። የኤተርኔት ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ራውተሩን መስኮት ዳር አስቀምጦ ኬብሉን ወደ ፋየርዎሉ መሳብ ነው የሚሻለው። በዚያው ዩፒኤሱንም ይመልከቱ። ብዙ ቦታ ሰርቨሩ በዩፒኤስ ላይ ሆኖ የፋይበሩ ሞደም ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ይገኛል፤ መብራት ሲጠፋ ታዲያ ሰርቨሩ በርቶ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ፋየርዎሉ፣ ሁለቱም ሞደሞችና ዋናው ስዊች ሁሉም ከዩፒኤስ ኃይል ማግኘት አለባቸው።

ሥራውን ከሥራ ሰዓት ውጭ ይጀምሩ። ከዚያ በፊት «ዳያግኖስቲክስ» ስር «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር» ገብተው ያለውን ኮንፊገሬሽን ወደ ላፕቶፕዎ ያውርዱ። አንድ ፋይል ናት፤ ነገሩ ሁሉ ቢበላሽ ወደነበረበት የምትመልስዎ እሷ ነች።

ደረጃ 2፦ አድራሻዎች እንዳይጋጩ ያድርጉ

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም «ተበላሽቷል» ብሎ በግልጽ ስለማይናገር ቀኑን ሙሉ ሊያደክም ይችላል። ፒኤፍሴንስ አዲስ ሲጫን ለውስጥ ኔትወርኩ 192.168.1.1ን ይይዛል። ብዙ የፋይበር ሞደሞችም ከፋብሪካ የሚመጡት ይህንኑ 192.168.1.1 ይዘው ነው። የሁዋዌ የሲም ራውተሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.8.1 ናቸው። ፋየርዎል አንድ ፓኬት በየትኛው ፖርት እንደሚወጣ የሚወስነው መድረሻ አድራሻውን አይቶ ነው። አንድ ዓይነት የአድራሻ ክልል በሁለት ፖርቶች ላይ ካገኘ መምረጥ ያቅተዋል። ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ዓይነት ሞደም የሚመጡ ከሆነም ችግሩ ያው ነው፤ የአንዱን ሞደም አድራሻ ራሱ ሞደሙ ውስጥ ገብቶ መቀየር ግድ ይላል።

ለምሳሌያችን ቢሮ የምመርጠው ይህ ነው፦ የውስጥ ኔትወርኩ 10.20.30.0/24 ይሁን፣ የፋይበሩ ሞደም በ192.168.1 ክልሉ ይቆይ፣ የሲም ራውተሩም በ192.168.8 ክልሉ ይቆይ። ለውስጥ ኔትወርክ 192.168.0 እና 192.168.1ን መሸሽ ሌላም ጥቅም አለው። ነገ ቪፒኤን ሲገባ ሠራተኛው ቤት ያለው ራውተር ያንኑ ቁጥር ይዞ ይጠብቅዎታል፣ እንደገናም ግጭት ይሆናል።

የውስጡን አድራሻ ሲቀይሩ የዲኤችሲፒውን ክልል አብረው ይቀይሩ። አድራሻቸው በእጅ የተሞላላቸውን ዕቃዎችም አይርሱ፤ ፕሪንተር፣ የካሜራ መቅጃ፣ የሂሳብ ሰርቨር። ሠራተኞች ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡት የሰርቨሩ አቋራጭ በአሮጌው ቁጥር የተሠራ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ስልክዎ ማቆሚያ አይኖረውም።

ደረጃ 3፦ ፖርቶቹን ይሰይሙ፣ ጌትዌይ ይስጧቸው

«ኢንተርፌስስ» ስር «አሳይንመንትስ» ይግቡና ሦስተኛውን ፖርት ይጨምሩ። ሲጨመር የሚሰጠው ስም ምንም ስለማይነግር የመጀመሪያውን የውጭ ፖርት «ፋይበር»፣ ሁለተኛውን «ሞባይል» በሚል ስም ይቀይሩት፤ ከወራት በኋላ ሌሊት ላይ ተጠርተው ሲመጡ ያመሰግኑታል።

የፋይበሩ አገልግሎት በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገባ ከሆነና ሞደሙ በብሪጅ የሚሠራ ከሆነ የግንኙነቱን ዓይነት ፒፒፒኦኢ ያድርጉ። ሞደሙ ራሱ የሚገናኝ ከሆነ ዲኤችሲፒ ይበቃል። የሲም ራውተሩም እንዲሁ በዲኤችሲፒ ይሁን። ዲኤችሲፒና ፒፒፒኦኢ ጌትዌያቸውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ቋሚ አይፒ ከተሰጠዎት ግን በዚያው ገጽ ላይ ጌትዌዩን በእጅዎ ጨምረው መምረጥ አለብዎት። ይህን ከዘለሉት ፒኤፍሴንስ ፖርቱን የውስጥ ኔትወርክ አድርጎ ይቆጥረዋል፣ የአድራሻ ትርጉሙንም አይሠራለትም። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት ደግሞ በውስጥ ኔትወርኩ ፖርት ላይ ጌትዌይ መሙላት ነው። ቦታው ባዶ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይሞላዋል። ባዶውን ይተዉት።

ሞደሙ በብሪጅ የሚሠራ ካልሆነ፣ ከሞደም ጀርባ ስለሚቀመጡ ለሁለቱ የውጭ ፖርቶች የሚደርሳቸው የግል አድራሻ ነው። በገጹ ግርጌ «ብሎክ ፕራይቬት ኔትወርክስ» የሚለው ምልክት የተደረገበት ከሆነ ወደ ውጭ መውጣትን አይከለክልም፤ ከሞደሙ በኩል ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ካስፈለገዎት ግን ያንሱት።

ከዚህ ደረጃ ሳይወጡ የሁለቱንም ሞደሞች ዋይፋይ ያጥፉ። ካልጠፋ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ከሞደሙ ጀርባ አንብቦ በቀጥታ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ፋየርዎሉ ላይ የሚጽፉት ሕግ ሁሉ እሱን አይመለከተውም።

ደረጃ 4፦ መስመሩ መሞቱን የሚያውቅበትን መንገድ ያስተካክሉ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ በጥንቃቄ ይሥሩ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ዲፒንገር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በየግማሽ ሰከንዱ ወደ አንድ አድራሻ ፒንግ እየላከ የመጨረሻዎቹን 60 ሰከንዶች አማካይ መዘግየትና የጠፋ ፓኬት ይቆጥራል። ምንም ካልነኩት ፒንግ የሚልከው ወደ ጌትዌዩ ነው። የሲም ራውተርዎ ጌትዌይ ማን ነው? መስኮት ዳር ያስቀመጡት ራሱ ራውተሩ። የሲሙ ጥቅል አልቆ፣ ወይም አንቴናው ሥራ አቁሞ፣ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ለፒንጉ በትህትና ይመልሳል፤ ፋየርዎሉም መስመሩን በአረንጓዴ ያሳያል። ፋይበሩ ከሞደም ጀርባ ሲሆንም እንደዚሁ ነው። መንገድ ሲቆፈር ኬብል ቢቆረጥ ሞደሙ አጠገብዎ በርቶ ስለሚቆይ ፋየርዎሉ ምንም አያውቅም።

ስለዚህ «ሲስተም» ስር «ራውቲንግ» ገብተው ለእያንዳንዱ ጌትዌይ «ሞኒተር አይፒ» የሚለውን ከቢሮው ውጭ ባለ አድራሻ ይሙሉ። ለፋይበሩ 1.1.1.1፣ ለሞባይሉ 9.9.9.9 ይሁን። ሁለቱ የግድ የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ ፒኤፍሴንስ ለእያንዳንዱ አድራሻ ቋሚ መንገድ ይጽፍለታልና። ያ ማለት ወደ 9.9.9.9 የሚሄድ ነገር ሁሉ በሞባይሉ ብቻ ይወጣል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሳያስብ የሚሞላው 8.8.8.8ን ነው። እኔ ግን አልመክርም። በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ 8.8.8.8 ዲኤንኤስ ሆኖ በእጅ ተሞልቶ ስለሚገኝ፣ ለሞባይሉ መጠበቂያ (ሞኒተር አይፒ) ካደረጉት የእነዚያ ኮምፒውተሮች ጥያቄ ሁሉ ፋይበሩ ደህና እያለም በሲሙ በኩል ይሄዳል፤ ሲሙ ሲጠፋም ፋይበሩ እየሠራ «ኢንተርኔት የለም» ይላሉ።

ቀጥሎ የመቁረጫ ቁጥሮቹን ይመልከቱ። ምንም ካልተቀየረ መዘግየቱ ከ200 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከ500 ሲያልፍ «ሞቷል» ይባላል። ለጠፋ ፓኬት ደግሞ ቁጥሮቹ 10 እና 20 በመቶ ናቸው። እነዚህን በእምነት አይቀበሏቸው። «ስታተስ» ስር «ጌትዌይስ» ገጽ ላይ የሁለቱንም መስመር መዘግየት ሥራ በሚበዛበት ሰዓትም በሌሊትም ያንብቡና ይጻፉ። ሞባይሉ በሰላሙ ቀን 180 የሚያነብ ከሆነ 200 ላይ ማስጠንቀቂያ ማስቀመጥ ቀኑን ሙሉ የሐሰት ደወል መስማት ነው፤ ወደ 400 እና 800 ከፍ ያድርጉት።

ፋይበሩ ድንገት ቢቆረጥ ፋየርዎሉ በቅጽበት አይቀይርም። የ60 ሰከንዱ አማካይ 20 በመቶ እስኪደርስ ቢያንስ 12 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ይህን ለማሳጠር ቁጥሮቹን ዝቅ የሚያደርጉ አሉ። ያኔ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል በላከ ቁጥር መስመሩ የተጨናነቀው እንደሞተ ተቆጥሮ ቢሮው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ይውላል። ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ይሻላል።

ፒንጉም ዳታ ይበላል። በግማሽ ሰከንድ አንድ ጊዜ ሲላክና ሲመለስ በቀን ወደ 10 ሜጋባይት፣ በወር ወደ 300 ሜጋባይት ይጠጋል። የሲሙ ጥቅል ትንሽ ከሆነ የሞባይሉን «ፕሮብ ኢንተርቫል» ከ500 ወደ 2000 ያድርጉት፤ ፍጆታው ወደ ሩብ ይወርዳል። ያኔ «አለርት ኢንተርቫል» የሚለው ከዚህ ማነስ ስለማይችል እሱንም 2000 ያድርጉት፣ ካልሆነ ገጹ አልመዘግብም ይላል።

ደረጃ 5፦ ማን ይቀድማል?

በዚያው «ራውቲንግ» ገጽ «ጌትዌይ ግሩፕስ» የሚል አለ። አዲስ ግሩፕ ይክፈቱ፣ ፋይበሩን «ቲር 1»፣ ሞባይሉን «ቲር 2» ያድርጉ። ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፤ ቲር 2 የሚነሳው ቲር 1 ሲወድቅ ነው። «ትሪገር ሌቭል» የሚለውን መጀመሪያ «ሜምበር ዳውን» ላይ ይተዉት። ፋይበርዎ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ እየተቆራረጠ ስልኮቹን የሚያስቸግር ከሆነ ወደ «ፓኬት ሎስ» ይቀይሩት፤ ያኔ በዝቅተኛው ቁጥር፣ በ10 በመቶው ላይ ይቀይራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልላት ትንሽ ነገር ትመጣለች። ግሩፕ መፍጠር ብቻውን ምንም አያደርግም። ወደ «ጌትዌይስ» ገጽ ተመልሰው ከታች «ዲፎልት ጌትዌይ አይፒቪ 4» በሚለው ሳጥን ውስጥ ከነጠላው ጌትዌይ ይልቅ ግሩፑን ይምረጡ። ከዚህ በኋላ የሠራተኛውም፣ የራሱ የፋየርዎሉም ትራፊክ በግሩፑ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ሁለቱንም ቲር 1 አድርጎ ጭነቱን እኩል ማካፈል አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቢሮ አይሻልም ባይ ነኝ። ክፍፍሉ የሚሠራው በግንኙነት ነው፤ አንድ ሰው አንድ ፋይል ሲያወርድ በአንዱ መስመር ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ፍጥነቱ አይደመርም። በመሐል ደግሞ የኢንተርኔት ባንኪንግ ገጽ ከፍቶ የሚሠራ ሰው አንዱ ጥያቄ በፋይበር፣ ቀጣዩ በሞባይል ሲወጣ ባንኩ የሚያየው ሁለት የተለያዩ አድራሻዎችን ስለሆነ «እንደገና ይግቡ» ብሎ ያስወጣዋል። ሁለቱ መስመሮች እኩል ፍጥነትና ያልተገደበ ጥቅል ኖሯቸው የግድ ማካፈል ከፈለጉ፣ ማካፈያውን ግሩፕ ዲፎልት ሳያደርጉ በውስጥ ኔትወርኩ ሕግ ላይ ይምረጡት። «ሲስተም» ስር «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ሚሴሌንየስ» ውስጥ «ስቲኪ ኮኔክሽንስ»ን ያብሩ፤ አንድ ኮምፒውተር በያዘው መስመር ላይ እንዲቆይ ያደርጋል።

ደረጃ 6፦ ዲኤንኤስ

«መስመሩ ተቀይሯል፣ ግን ምንም አይከፍትም» ሲባል ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ጥፋቱ እዚህ ነው። የአንዱ አገልግሎት ሰጪ ዲኤንኤስ ከራሱ ኔትወርክ ውጭ ለመጣ ጥያቄ ላይመልስ ይችላል፤ ፋይበሩ ሲጠፋ ስሞች መፈታት ያቆማሉ፣ ፒንግ በቁጥር ግን ይሠራል። «ጄነራል ሴታፕ» ገጽ ላይ 1.1.1.1ን ከፋይበሩ ጌትዌይ፣ 9.9.9.9ን ከሞባይሉ ጌትዌይ ጋር ያያይዙ። በደረጃ 4 ካስቀመጡት ጋር መመሳሰሉን ልብ ይበሉ፤ አንዱን አድራሻ ለፋይበሩ መጠበቂያ፣ ለሞባይሉ ደግሞ ዲኤንኤስ ማድረግ አይቻልም። ኮምፒውተሮቹ ዲኤንኤስ የሚጠይቁት ፋየርዎሉን ራሱን ይሁን፤ በእጅ የተሞላውን እያጠፉ ከዲኤችሲፒ እንዲወስዱ ያድርጉ።

ደረጃ 7፦ በሞባይሉ ማን ይለፍ?

እስካሁን ባለው ሥራ ፋይበሩ ሲጠፋ ቢሮው ሁሉ፣ ካሜራውም የእንግዳ ስልኩም ሳይቀር፣ በሲሙ ላይ ይወድቃል። ጥቅሉ በአንድ ከሰዓት ያልቃል፣ ገንዘብ ያዧም ተመልሳ «ሲስተም የለም» ትላለች። ስለዚህ በሲሙ የማያልፉትን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

የካሜራ መቅጃውን እንውሰድ። መጀመሪያ በዲኤችሲፒ ገጹ ላይ ቋሚ አድራሻ ይስጡት፣ 10.20.30.50 ይሁን፤ አድራሻው የሚለዋወጥ ከሆነ ሕጉ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ከዚያ «ፋየርዎል» ስር «ሩልስ» ገብተው በውስጥ ኔትወርኩ ገጽ ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ።

ሀ. ከውስጥ ኔትወርኩ ወደ ሌሎች የውስጥ ኔትወርኮችና ወደ ቪፒኤኑ የሚሄደው ይለፍ፤ ጌትዌይ አይመረጥበት።

ለ. ከ10.20.30.50 ወደ የትም የሚሄደው ይለፍ፤ በ«አድቫንስድ» ክፍሉ ጌትዌዩ ፋይበር ይሁን።

ሐ. ከ10.20.30.50 ወደ የትም የሚሄደው ይከልከል።

መ. ከውስጥ ኔትወርኩ የቀረው ሁሉ ይለፍ፤ ጌትዌይ አይመረጥበት፤ ዲፎልቱ ግሩፑ ስለሆነ ራሱ ይመራዋል።

ሕጎች ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፣ መጀመሪያ የገጠመው ይወስናል። «ሀ» ከላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ጌትዌይ የተመረጠበት ሕግ መድረሻው ጎረቤት ክፍል ያለ ሰርቨር ቢሆንም እንኳ ፓኬቱን በግድ ወደ ኢንተርኔት ይገፋዋል። «ዋይፋዩ ላይ ሆኜ ፕሪንተሩን አላገኘውም» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

«ሐ» ትርፍ ይመስላል። ግን ፒኤፍሴንስ በሕግ ላይ የተመረጠው ጌትዌይ ሲሞት፣ ምንም ካልተነገረው፣ ሕጉን ትቶት አይሄድም፤ ጌትዌዩን ብቻ አውጥቶ ሕጉን በዲፎልቱ ያስኬደዋል። ዲፎልቱ ያኔ ሞባይሉ ነው። ካሜራው እንዳይወጣ የጻፉት ሕግ ራሱ ካሜራውን በሲሙ ያሳልፈዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ሚሴሌንየስ» ገጽ ላይ «ጌትዌይ ሲሞት ሕጉን ዝለል» የሚል ትርጉም ያለውን ምርጫ፣ «ስኪፕ ሩልስ ዌን ጌትዌይ ኢዝ ዳውን» የሚለውን፣ ምልክት ያድርጉበት። አሁን ፋይበሩ ሲሞት «ለ» ይጠፋል፤ መቅጃው ወደ «ሐ» ይወርዳል፣ እዚያ ይቆማል። «ሐ» ባይኖር ወደ «መ» ወርዶ ያልፍ ነበር። ምርጫውና ክልከላው አንዱ ያለ ሌላው አይሠሩም።

ለእንግዳ ዋይፋዩም ይህንኑ ጥንድ ሕግ ይድገሙለት። የእንግዳ ስልኮች ዋይፋይ ሲያገኙ ፎቶና ቪዲዮ መስቀል፣ አፕ ማዘመን ይጀምራሉ፤ ከካሜራው የባሱ ናቸው። የቢሮው ባለቤት ዋሽንግተን ሆነው ካሜራውን በስልካቸው የሚከታተሉ ዓይነት ከሆኑ ግን ፋይበሩ በጠፋ ጊዜ ምስሉ እንደሚቋረጥ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሌባ ገባ ብለው በሌሊት ዘመድ እንዳይቀሰቅሱ።

ደረጃ 8፦ የሚወጣውና የሚገባው

«ፋየርዎል» ስር «ናት» ገብተው «አውትባውንድ» የሚለውን ይዩ። «ኦቶማቲክ» ላይ ከሆነ ለሁለቱም መስመሮች ራሱ ጽፎላቸዋል፣ አልፈው ይሂዱ። ቀድሞ የሠራው ሰው «ማኑዋል» አድርጎት ከሆነ ለሞባይሉ መስመር የሚሆን ሕግ ስለማይኖር መስመሩ ቢቀየርም ምንም አያልፍም፤ የፋይበሩን ሕግ ቀድተው ኢንተርፌሱን ይለውጡ።

ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚገባው፣ ለምሳሌ ከቅርንጫፍ ቢሮ ስለሚመጣ ቪፒኤን፣ ከሞባይሉ ብዙ አይጠብቁ። የሞባይል ኔትወርኮች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን የሕዝብ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ስለሚያካፍሉ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ሲሙ ድረስ አይደርስም። ቪፒኤኑን የሚቀበለው ፋይበሩ ከቋሚ አይፒው ጋር ይሁን። ፋይበሩ ሲጠፋም ቅርንጫፉ መገናኘት ካለበት፣ ደዋዩ ዋናው ቢሮ፣ ተቀባዩ ቋሚ አይፒ ያለው ሌላ ቦታ እንዲሆን አቅጣጫውን ማዞር ይቻላል።

ደረጃ 9፦ ሆን ብለው ያጥፉት

ከፋየርዎሉ ላይ ኬብል ነቅሎ «ሠርቷል» ማለት ፈተና አይደለም። እንደዚያ ዓይነት ብልሽት እምብዛም አይደርስም፤ ፋየርዎሉም ፖርቱ እንደወደቀ ወዲያው ያየዋል። የሚደርሰው ሞደሙ በርቶ ከጀርባው ያለው ሲጠፋ ነው። ስለዚህ የፋይበሩን ገመድ ከሞደሙ ጀርባ፣ በፕላስቲኩ ራስ ይዘው ቀስ ብለው ያውጡት፤ ጫፉን በጣት አይንኩት፣ ወደ ውስጡም አይመልከቱ፣ ወዲያው በመክደኛው ይሸፍኑት።

አስቀድመው አንድ ላፕቶፕ ላይ ወደ 8.8.8.8 የማያቋርጥ ፒንግ ይክፈቱ፤ በዊንዶውስ የፒንግ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ሰረዝና ቲ ፊደል መጨመር ነው። አጠገቡ የ«ጌትዌይስ» ገጹን ይክፈቱ። ገመዱን ሲያወጡ ፒንጉ ይቆማል፣ በገጹ ላይ የፋይበሩ የጠፋ ፓኬት ከፍ እያለ ይሄዳል፣ 20 ሲያልፍ ቀዩ ይመጣል። ያ የተጀመረ ፒንግ በአሮጌው መስመር ላይ ተይዞ ሊቀር ስለሚችል አቁመው እንደገና ይጀምሩት። የሕዝብ አይፒዎን የሚያሳይ ገጽ ከፍተው ቁጥሩ መቀየሩን ያረጋግጡ። የሂሳብ ሲስተሙን ይክፈቱ፤ በአይፒ ስልክ ይደውሉ፤ ካሜራው ከውጭ አለመታየቱንም ይፈትሹ።

ስልኮቹ ላይ ትንሽ ይቆዩ። የአይፒ ስልክ ከማዕከሉ ጋር ያለውን ግንኙነት ሳያቋርጥ ስለሚይዝ መስመሩ ሲቀየር በሞተው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ሁሉ ሠርቶ ስልኩ ብቻ ዝም ይላል። መድኃኒቱ «ሚሴሌንየስ» ገጽ ላይ ጌትዌይ ሲወድቅ የቆዩ ግንኙነቶችን ግደል የሚለው «ስቴት ኪሊንግ» ነው። ቢበራ በዚያች ሰከንድ ሌሎች ግንኙነቶችም ይቋረጣሉ፤ ስልክ ለሌለው ቢሮ አያስፈልግም።

የፋይበሩን ገመድ ሲመልሱ ተቃራኒው ይታያል። አዳዲስ ግንኙነቶች ወደ ፋይበሩ ይመለሳሉ፣ በሲሙ ላይ የተጀመሩት ግን እስኪያልቁ እዚያው ይቆያሉ። አንድ ሰው ከባድ ፋይል እያወረደ ከነበረ ፋይበሩ ተመልሶም ጥቅሉ መፍሰሱን ይቀጥላል። በአዳዲሶቹ እትሞች ዋናው መስመር ሲመለስ እነዚህንም የሚያቋርጥ ምርጫ አለ። በእርስዎ እትም ከሌለ «ዳያግኖስቲክስ» ስር «ስቴትስ» ገብተው በእጅዎ ያጽዷቸው።

በመጨረሻም ሲሙን ከራውተሩ አውጥተው የተገላቢጦሹን ይፈትሹ። ተጠባባቂው ሲጠፋ ቢሮው ምንም ሊሰማው አይገባም።

ደረጃ 10፦ የሚነግርዎት ነገር ይኑር

ሁሉም ሲሠራ አንድ አደጋ ይቀራል። ፋይበሩ ጠፍቶ ሞባይሉ ከተካው ማንም አይነግርዎትም፤ ሁሉም ሥራውን ይሠራል፣ ጥቅሉ እስኪያልቅ። ሲሙ ጥቅሉ ጊዜው አልፎበት ከሞተም እንዲሁ፤ ፋይበሩ ደህና ስለሆነ ማንም አያስተውልም፣ የሚታወቀው በክፉው ቀን ነው።

«ሲስተም» ስር «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» ውስጥ ኢሜይልም ቴሌግራምም አለ። ቴሌግራም ላይ በቦትፋዘር በኩል ቦት ይፍጠሩ፣ የሚሰጥዎትን ቁልፍና መልእክቱ የሚደርስበትን የቴሌግራም ግሩፕ መለያ ቁጥር እዚያ ይሙሉ፣ የሙከራ መልእክት ይላኩ። መልእክቱ ወደ እርስዎ ብቻ አይሂድ። ለሲሙ ጥቅል የሚከፍለው ሰው፣ ፋይበሩ ሲቋረጥ ለአገልግሎት ሰጪው የሚደውለው ሰው፣ ሁለቱም ግሩፑ ውስጥ ይግቡ። ለሁለተኛው ሰው የመስመሩን የአገልግሎት ቁጥር ግሩፑ አናት ላይ ፒን አድርገው ያስቀምጡለት፤ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱን ነው።

አዲሱን ኮንፊገሬሽን እንደገና ያውርዱና ፋይሉን ከፋየርዎሉ ውጭ፣ ከቢሮውም ውጭ ያስቀምጡ።